የጨረር ሕክምና ዘዴዎች የሚለያዩት ዕጢውን በመምታት ብቻ ሳይሆን ጤነኛውን አካል በማዳንም ነው

በሐዋሳ ከተማ የሚገኘው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ በየዓመቱ በድምቀት የሚከበርበት ስፍራ ነው። ከዚህ አካባቢ ለሚነሳ የካንሰር ታማሚ የጨረር ሕክምና ማለት ለረጅም ዓመታት 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ለሳምንታት መቆየት ማለት ነበር። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 መሣሪያ ከተጀመረ በኋላ ሆስፒታሉ ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ሆኖ ቆይቷል።

የጤና ሚኒስቴር አገልግሎቱን ሐዋሳን፣ ጅማን፣ ሐረማያን፣ ጎንደርንና መቀሌን ወደመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ለማስፋፋት ማቀዱ ይታወቃል። በመሆኑም የሕክምና ዘዴዎቹን ልዩነት መረዳት በዕቅድና በበጀት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ኃላፊዎችም ጠቃሚ ነው።

የጨረር መጠን የሚለካው ግሬይ በተባለ መለኪያ ነው። ኮባልት 60 የሚያመነጨው ጋማ ጨረር ከፍተኛ መጠኑን የሚያሳርፈው ከቆዳ ሥር በግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን፣ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ የሚቀረው 56 በመቶ ገደማ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው ሊኒየር አክስለሬተር በ6 ሜጋ ቮልት ሲሠራ ግን ከፍተኛው መጠን 1 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይም 67 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህም ቆዳን ከጉዳት እየጠበቀ ጥልቅ ዕጢን ለማከም ያስችላል። በተጨማሪም ኮባልት በ5 ነጥብ 27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ መሣሪያው ባረጀ ቁጥር የአንድ ታማሚ የሕክምና ጊዜ ይረዝማል።

በአክስለሬተር የሚሰጠው ሕክምናም አንድ ዓይነት አይደለም። በሲቲ ስካን ምስል ላይ በመመሥረት ጨረሩን በዕጢው ቅርጽ ልክ የሚያነጣጥር ዘዴ አለ። አይ ኤም አር ቲ የተባለው ዘዴ ደግሞ የጨረሩን ጥንካሬ ከቦታ ቦታ በመለዋወጥ እንደ ምራቅ ዕጢና ሕብለ ሰረሰር ያሉ አካላትን ይጠብቃል። ቪማት መሣሪያው በታማሚው ዙሪያ እየዞረ ይህንኑ በአጭር ደቂቃዎች ያከናውናል። ሆኖም በእነዚህ ዘዴዎች አነስተኛ ጨረር ሰፊ የሰውነት ክፍል ስለሚነካ ለሁሉም ታማሚ ተመራጭ አይደሉም።

ለማህፀን በር ካንሰር የጨረር ምንጩን ወደ ዕጢው አስጠግቶ የሚሰጠው ብራኪቴራፒ አስፈላጊ ነው። ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የጨረሩ መጠን ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ ፊኛና ደንዳኔ የሚደርስባቸው ጉዳት ይቀንሳል።

ልዩነቱ በታማሚው የቆይታ ጊዜም ይገለጻል። ለጡት ካንሰር በተለምዶ 50 ግሬይ በ25 ቀጠሮዎች፣ ማለትም በአምስት ሳምንታት ይሰጥ ነበር። በብሪታንያ የተካሄዱ ጥናቶች 40 ግሬይ በ15 ቀጠሮዎች መስጠት በቂ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ የሆነው ጥናት ደግሞ ለተወሰኑ ታማሚዎች 26 ግሬይ በአምስት ቀጠሮዎች መስጠት ከዚህ እንደማያንስ አሳይቷል። ከሩቅ ለሚመጣ ታማሚ ይህ የሳምንታት የማረፊያና የምግብ ወጪን ያስቀራል፤ አንድ መሣሪያም በዓመት ብዙ ሰዎችን እንዲያገለግል ያደርጋል።

ይሁን እንጂ በአንድ ቀጠሮ የሚሰጠው መጠን ከፍ ሲል የስህተት ጉዳትም ከፍ ይላል። ስለሆነም ከመሣሪያው ግዥ ጎን ለጎን የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ሥልጠና፣ የጨረር መለኪያ መሣሪያዎች፣ የማይቆራረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የጥገና ውል በዕቅዱ ሊካተቱ ይገባል። እነዚህ ካልተሟሉ ዘመናዊው መሣሪያ ከጉዱማሌ የሚነሳውን ታማሚ ከጉዞ አያድነውም።