«በቴክኒክ ምክንያት ይዘገያል» ሲባል

ነሐሴ ሲጋመስ ሰቆጣ ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ስልክ ይበዛበታል። ሻደይ ደርሷል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ በጌጣጌጥ አሸብርቀው፣ ለበዓሉ ስሙን የሰጠውን ለምለም የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። ከተማ ተወልደው ያደጉ ልጆቹ ይህን በቴሌቪዥን ሳይሆን በዓይናቸው እንዲያዩለት የማይመኝ የዋግ ተወላጅ አይኖርም።

መንገዱ ግን ሩቅ ነው። በደሴና በወልድያ በኩል በመኪና መሄድ በክረምት ዝናብ፣ ያውም ከትንንሽ ልጆች ጋር፣ አድካሚ ነው። ስለዚህ አቅሙ የፈቀደና መንገዱ ሰላም የሆነለት ቤተሰብ ከቦሌ እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ሹምሽሃ ካለው አየር ማረፊያ ወርዶም የቀረውን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ወደ ሰሜን ይጓዛል። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ሻንጣው ተመዝኖ፣ ልጆቹ ብስኩታቸውን ጨርሰው፣ ሹፌሩም ሹምሽሃ ቆሞ እየጠበቀ «በቴክኒክ ምክንያት በረራው ይዘገያል» የሚል ድምፅ ሲሰማ አዳራሹ ያጉረመርማል።

በማርኬቲንግ ሙያ የተሰማራን ሰዎች ይህን ጉርምርምታ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። «በሰዓቱ እናደርስዎታለን» የሚል ማስታወቂያ ይሸጣል። «የፍሬኑን ውፍረት ለክተናል» የሚል ግን አይሸጥም። ይሁን እንጂ የትኬት ዋጋ ስንከፍል ከምንገዛቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይኸው የማይታየው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዚያ ሥራ አንዱን ክፍል ብቻ እንመልከት፤ ባለሙያዎቹ «ላንዲንግ ጊር» የሚሉትን፣ አውሮፕላኑ የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን እግር።

እግሩ ምን ይሸከማል?

ወደ ላሊበላ በብዛት የሚበረው ባለ ሁለት ሞተሩ ቦምባርዲየር ኪው400 ነው። ከፊት ሁለት፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ጎማዎች አሉት። ሲያርፍ ክብደቱ እስከ 28 ቶን ገደማ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ክብደት መሬት በሚነካባት ቅጽበት የሚያርፈው በእነዚያ ጎማዎችና በተሸከሟቸው የብረት እግሮች ላይ ነው።

እግሩ ውስጥ ዘይትና ናይትሮጅን ጋዝ አለ። አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ብረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ድንጋጤውን ይውጣል፤ ጋዙ ደግሞ እንደ ሞላ ሆኖ ያነጥራል። የመኪናችን ሾክ አብዞርበር ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ መኪና ሲበላሽ ዳር ይዞ መቆሙ ነው።

ከፍታው የሚጨምረው ጫና

የደጋ አገር ልጆች መሆናችን ለአውሮፕላን እግር ቀላል ነገር አይደለም። የላሊበላ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል።

አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሄድ አለበት። በዚህ የተነሣ ያው አውሮፕላን፣ ያንኑ ሰው ጭኖ፣ ላሊበላ ሲያርፍ ፍጥነቱ በባሕር ጠረፍ ከሚያርፍበት በ10 በመቶ ያህል ይበልጣል። ጎማውና ፍሬኑ የሚችሉት ጉልበት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው፤ 10 በመቶ የፍጥነት ጭማሪ ከ20 በመቶ በላይ የጉልበት ጭማሪ ያመጣል። ያ ሁሉ ጉልበት በፍሬኑ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሻደይ የሚውለው በክረምት መሆኑን ሲያስቡ ደግሞ እርጥብ መንደርደሪያ ይጨመራል። የጎማው ጥርስ ካለቀ ውኃውን ከሥሩ ማስወጣት ያቅተውና ይንሸራተታል። ከበረራ በፊት ጎማውን ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ማን ያስገድዳል?

ምርመራው በአየር መንገዱ በጎ ፈቃድ የሚደረግ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ሲፈረም ከተገኙት አገሮች አንዷ ናት። በዚያ ስምምነት መሠረት አውሮፕላን የሚመዘግብ አገር ሁሉ ያ አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ሆኖ መቆየቱን የመቆጣጠር ግዴታ አለበት። በእኛ አገር ይህን የሚሠራው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

በአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ አደገኛ ጉድለት ሲገኝ አውሮፕላኑ የተነደፈበት አገር ባለሥልጣን አስገዳጅ የአየር ብቁነት መመሪያ ያወጣል። ለቦይንግ የአሜሪካው፣ ለኪው400 የካናዳው ማለት ነው። መመሪያው የትኛው ክፍል፣ ከስንት ማረፍ በኋላ፣ በምን ዘዴ መታየት እንዳለበት ቆርጦ ይናገራል። በተባለው ጊዜ ካልተፈጸመ አውሮፕላኑ ተሳፋሪ አይጭንም።

«አስገዳጅ» የምትለው ቃል የገባችበት ምክንያት አለ። ሰዓቱ የደረሰበት ሰው፣ የተቆጣ ተሳፋሪ የከበበው ሰው፣ የወሩን ገቢ የሚያሰላ ሰው ውሳኔውን ብቻውን እንዳይወስን ነው።

ጂዳ ላይ የታለፈው ጎማ

ለዚህ ከሁሉ የከፋው ምሳሌ የእምነት ተጓዦች በረራ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1991 አንድ ዲሲ-8 አውሮፕላን ናይጄሪያውያን ሐጃጆችን ከሳውዲ አረቢያዋ ጂዳ ወደ ሶኮቶ ለመመለስ ተነሣ። አውሮፕላኑ የካናዳ ኩባንያ ንብረት ሲሆን ለናይጄሪያ አየር መንገድ በኪራይ ይሠራ ነበር። ከጎማዎቹ የሁለቱ ንፋስ ከሚገባው በታች እንደነበር የጥገና ሠራተኞች ያውቁ ነበር። ነገር ግን ለመሙላት ወይም ለመቀየር መቆም በረራውን ስለሚያዘገይ ታለፈ።

አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲንደረደር ንፋስ ያነሰው ጎማ ክብደቱን ለጎረቤቱ ጣለበት፤ ያም ከአቅሙ በላይ ግሎ ፈነዳ፤ እሳት ተነሣ። አብራሪዎቹ እሳት መኖሩን ሳያውቁ እግሩን ወደ ሆዱ አጠፉት። እሳቱም አብሮ ገባ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 261 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ የጎደለው የጎማ ንፋስ ነው።

ጎማው የሚሞላው በተራ አየር ሳይሆን በናይትሮጅን መሆኑም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1986 አንድ የሜክሲኮ ቦይንግ 727 ከተነሣ በኋላ ከመጠን በላይ የጋለ ጎማ በአየር ላይ ፈንድቶ 167 ሰዎች ሞተዋል። ጎማው ተራ አየር ተሞልቶ ነበር። በተራ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጎማው ሲግል ለቃጠሎ ይረዳል፤ ናይትሮጅን ግን አያቀጣጥልም። ከዚያ በኋላ ናይትሮጅን መሙላት በአሜሪካ አስገዳጅ ሆነ።

ሦስት ማረፊያዎች በሁለት ወር

ወደ ላሊበላ የሚወስደን የኪው400 ዓይነትም የራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስ.ኤ.ኤስ. በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያንኑ ችግር ገጠመው፤ መስከረም 9 ዴንማርክ አልቦርግ፣ መስከረም 12 ሊቱዌኒያ ቪልኒየስ፣ ጥቅምት 27 ኮፐንሃገን። በሦስቱም የቀኝ እግር በአግባቡ አልቆመም። በሦስቱም የሞተ ሰው የለም።

በአልቦርጉ አደጋ እግሩን የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ክፍል ውስጥ ያለ የብሎን ጥርስ በዝገት ተበልቶ ተላቅቆ ተገኘ። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ አምራቹ ከ10,000 ጊዜ በላይ ያረፉ ኪው400 አውሮፕላኖች እስኪመረመሩ እንዳይበሩ አሳሰበ፤ የካናዳው ባለሥልጣንም ምርመራውን አስገዳጅ አደረገው። የሦስተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ በሃይድሮሊክ መስመር ውስጥ የተገኘ አንድ ትንሽ የጎማ ቀለበት የዘይቱን መንገድ ዘግቶት ነበር። ጥገናው ራሱ ጥንቃቄ ካጣ አዲስ ችግር ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው በእንዲህ ዓይነት ወሳኝ ክፍል ላይ አንዱ የሠራውን ሌላው ባለሙያ በራሱ ዓይን አይቶ የሚፈርምበት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ኪው400 የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። በሰሜን አውሮፓ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ጋርጦ የተገኘው ትምህርት ለእኛ የደረሰን በምርመራ ዝርዝር ላይ እንደ ተጻፈ መስመር ሆኖ ነው።

ከቅኝት እስከ ሙሉ ፍታታ

ምርመራው ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የሚደረገው ቅኝት ነው። አብራሪው ወይም ቴክኒሺያኑ አውሮፕላኑን ዞሮ ያያል፦ ጎማው ተቆርጧል ወይ? ፍሬኑ ምን ያህል ቀርቶታል? የእግሩ አንጸባራቂ ብረት ትክክለኛ ቁመቱን ይዟል ወይስ ጋዙ ቀንሶ ሰምጧል? ዘይት ያንጠባጥባል? መሬት ላይ እግሩ እንዳይታጠፍ የተሰካው ባለ ቀይ ጥብጣብ መቆለፊያ ወጥቷል?

ሁለተኛው በተወሰነ የበረራ ሰዓትና በተወሰነ የማረፍ ብዛት የሚመጣው የሃንጋር ምርመራ ነው። አውሮፕላኑ በክሪክ ተነሥቶ እግሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ሃይድሮሊኩ እምቢ ቢል እግሩ የሚወርድበት አማራጭ መንገድም ይሞከራል። አብራሪው አውሮፕላኑን መሬት ላይ በኃይል ካሳረፈው ደግሞ መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል፤ ልዩ ምርመራ ሳይደረግ ቀጣዩ በረራ አይኖርም።

ሦስተኛው ሙሉ ፍታታው ነው። እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ግን ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ወይም የተወሰነ የማረፍ ቁጥር ሲሞላ፣ የቀደመው ይቀድማል። እግሩ ከአውሮፕላኑ ተነቅሎ እስከ ብሎኑ ይበተናል፤ ቀለሙና ልባሱ ይገፈፋል፤ ብረቱ በመግነጢስና በሚያበራ ፈሳሽ በጨለማ ክፍል ውስጥ ይታያል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ እዚያ ያበራል። አንዳንዱ ክፍል ምንም እንከን ባይገኝበት እንኳ የተመደበለት የማረፍ ቁጥር ከሞላ ይጣላል። አውሮፕላኑ በግጭት ወይም በወረርሽኝ ምክንያት ለወራት ቢቆምም የዓመቱ ቆጠራ አይቆምም፤ ዝገት እረፍት አይወስድምና።

ከልጆች ጋር ሲሳፈሩ

ኪው400 ክንፉ ከላይ ስለሆነ በመካከለኛው ክፍል በመስኮት በኩል የተቀመጠ ልጅ ጎማው ሲወጣና ሲገባ በዓይኑ ማየት ይችላል። ልጅዎን እዚያ ካስቀመጡት ከማረፍዎ ጥቂት ደቂቃ በፊት ድምፅ ሲሰማ አይደንግጥ፤ በሩ ተከፍቶ እግሩ ሲወርድ ነው። በዚያው ጊዜ አብራሪዎቹ ፊት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ፤ ሦስቱም እግሮች ወርደው ተቆልፈዋል ማለት ነው። አንዱ ካልበራ አያርፉም፤ ዞረው ይፈትሻሉ። አውሮፕላኑ አየር ላይ ሲዞር ካዩ ልጆችዎን በዚህ ያረጋጉ።

ለጉዞው ቀን ሰፋ ያለ ጊዜ ይያዙ። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የሚወስደውን መኪና ከማረፊያው ሰዓት ጋር አጣብቀው አይቅጠሩ፤ ለልጆቹም ተጨማሪ ምግብና ውኃ ይያዙ። መዘግየቱ ሲነገር ምክንያቱን በትሕትና መጠየቅ መብትዎ ነው። ለአየር መንገዶችም አንድ ሐሳብ አለኝ። «በቴክኒክ ምክንያት» ከማለት «አንድ ጎማ እየቀየርን ነው» ቢባል ተሳፋሪው የሚጠብቀውን ነገር ያውቃል። ደንበኛ እውነቱን ሲነገረው እንደሚታገሥ በሙያዬ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር ነው።

ሁሉም ነገር የሚያበቃው በአንድ መዝገብ ላይ ነው። ሥራውን የጨረሰው ፈቃድ ያለው ቴክኒሺያን ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን አስፍሮ ይፈርማል። ያላመነበት ነገር ካለ አይፈርምም። ያ ፊርማ ከሌለ የጣቢያው ኃላፊ ቢቸኩል፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቢጮህ፣ አውሮፕላኑ ከቆመበት አይንቀሳቀስም።