የሞተ የሚመስል ራውተር እንዴት ይነሳል?

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን ትንሽ የኮፒ ቤት አላቸው። የራውተራቸውን ፈርምዌር፣ ማለትም ራውተሩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ላድስላቸው ብዬ ጀመርኩ። ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ራውተሩ አንዲት መብራት ብቻ አብርቶ ፈዞ ቀረ። «ልጄ፣ ገደልከው እንዴ?» አሉኝ። በማግስቱ ፎርም በኢንተርኔት የሚያስሞሉ ተማሪዎች ቀጥረዋል።

አልሞተም ነበር። ለምን እንዳልሞተ ላስረዳችሁ።

ራውተር ውስጥ ፍላሽ ሜሞሪ የሚባል፣ መብራት ቢጠፋም የያዘውን የማይረሳ ቺፕ አለ። ራውተሩ ሲበራ ከዚህ ቺፕ መጀመሪያ የምትነሳው ቡትሎደር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ናት። ራሙን ታዘጋጃለች፣ ዋናውን ፈርምዌር ፈልጋ ታስነሳለች፣ ከዚያ ሥራዋን አስረክባ ዞር ትላለች። ለምሳሌ ቲፒ-ሊንክ ደብሊውአር841ኤን 11ኛው እትም ላይ ቺፑ 4 ሜጋባይት ሲሆን ለቡትሎደሯ የተተወላት 128 ኪሎባይት ነው፤ ከ32 እጅ አንዱ መሆኑ ነው።

ታዲያ ማደስ ምን ያስፈራል? ፍላሽ ላይ በአሮጌው ጽሑፍ ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም። የጠፋ ቦታ ሁሉ 1 ነው፤ መጻፍ ማለት አንዳንዱን 1 ወደ 0 መለወጥ ብቻ ነው። 0ን ወደ 1 ለመመለስ ግን አንዷን ቢት ነጥሎ መንካት አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ 64 ኪሎባይት የሚሆን ብሎክ በአንድ ላይ መጥፋት አለበት። ስለዚህ አዲሱ ከመጻፉ በፊት አሮጌው ይደመሰሳል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም አልሞላም። ደግነቱ እድሳቱ አብዛኛውን ጊዜ የቡትሎደሯን ቦታ አይነካም።

ራውተራችሁ አንድም መብራት ካላሳየ ግን ፈርምዌሩን ተዉትና አዳፕተሩን ጠርጥሩ። በቮልት፣ በፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አቀማመጥ አንድ ዓይነት የሆነ፣ በአምፔር የማያንስ ሌላ አዳፕተር ሞክሩ። አዳፕተሩን ግን አትክፈቱት፤ ውስጡ 220 ቮልት ይገባል።

መብራት እያሳየ የማይነሳ ከሆነ ቡትሎደሯን ማነጋገር ነው። ብዙ ራውተሮች ላይ ይህ የሚሆነው ቲኤፍቲፒ በሚባል ፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ ነው። በ128 ኪሎባይት ውስጥ የሚያድር ነገር ቀላል መሆን አለበት፤ ቲኤፍቲፒ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። 512 ባይት ይላካል፣ «ደርሶኛል» ይባላል፣ ቀጣዩ ይላካል። 4 ሜጋባይት በዚህ መንገድ 8,192 ጊዜ መመላለስ ነው፤ ቢሆንም በኬብል ብዙ አይፈጅም።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ራውተሩን ገልብጦ የሞዴሉንና የእትሙን ቁጥር ማንበብ ነበር። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የ9ኛው እትም ፋይል ለ11ኛው አይሆንም። ትክክለኛውን ፈርምዌር በስልኬ ዳታ ከአምራቹ ገጽ አወረድኩና ቡትሎደሯ በምትጠብቀው ስም ሰየምኩት። ላፕቶፔን በኤተርኔት ገመድ ከራውተሩ ላን ቀዳዳ ጋር አገናኘሁ፤ ዋይፋዩን አጠፋሁ፤ አይፒ አድራሻውን 192.168.0.66 አደረግኩ። ብዙ የቲፒ-ሊንክ ቡትሎደሮች ፋይል የሚጠይቁት ከዚህ አድራሻ ነው፤ ሌሎች አምራቾች ሌላ ይጠቀማሉ። የቲኤፍቲፒ ሰርቨር ከፈትኩ፣ ከዚያ ሪሴት ቁልፉን ተጭኜ ይዤ ራውተሩን አበራሁት።

ምንም የለም! ሦስቴ ሞከርኩ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ጥያቄዋን እየመለሰባት ነበር። ለጊዜው ሳጠፋው ቁጥሮቹ መሮጥ ጀመሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚህ ጊዜ ራውተሩን ከግድግዳው ሶኬት ነቅዬ ነበር። ከፓወር ባንክ 9 ቮልት በሚያወጣ ገመድ ነው ያሠራሁት፤ በአንድ ራውተር ሁለቴ መብራት እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም።

ቡትሎደሯም ራሷ ከተበላሸች ቺፑን በፕሮግራመር መጻፍ ያስፈልጋል። እሱ ሌላ ሥራ ነው። የዚያን ጊዜም ቢሆን ቺፑን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ፤ የዋይፋይ ሬዲዮው መለኪያ መረጃ መጨረሻው ላይ ሊኖር ይችላል፣ ደግሞ የእያንዳንዱ ራውተር የራሱ ነው።

የኮፒ ቤቱ ራውተር ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። ቅንብሩ ግን ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል እንደ አዲስ አስገባን። ጎረቤቴ የድሮውን የይለፍ ቃል ከደረሰኝ ጥራዛቸው ጀርባ ላይ ጽፈውት አገኙት።