ቁስሉ ከታከመ በኋላ

ራሱን የጎዳ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የሐኪሞቹ የመጀመሪያ ሥራ ሕይወቱን ማትረፍ ነው። ትንፋሹ ይታያል፣ ደም ግፊቱ ይለካል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ከአደጋው ከወጣ በኋላ ግን፣ በብዙ ቦታ፣ የመውጫ ወረቀቱ ተሞልቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል። እዚያ ያደረሰውን ሕመም ማንም ሳይጠይቀው።

የዚህን ሕመም ስፋት በቁጥር ካሳዩት መካከል የኦክስፎርዱ የሥነ አእምሮ ሊቅ ፕሮፌሰር ኪት ሃውተንና ባልደረቦቻቸው ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በ24 አገሮች የተደረጉ 50 ጥናቶችን አሰባስበው ፈትሸው ነበር። ራሳቸውን ጎድተው ሆስፒታል ከመጡት አዋቂዎች 84 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ግንባር ቀደሙ ድብርት ነው፤ ጭንቀትና የአልኮል ችግርም በብዛት ታይተዋል። ሁለትና ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

ድብርት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጉልበት ያሟጥጣል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ነገ የሚባል ነገር የሌለ ማስመሰሉ ነው። መጠጥ ደግሞ ሰውየው ራሱን የሚገታበትን አቅም ያላላል። በዚህ ላይ የትዳር ጠብ ወይም ዕዳ ሲታከልበት የአንድ ሌሊት ጭንቀት ወደ አደጋ ይቀየራል።

ያም ሆኖ ሁሉም ሕመምተኛ አይደለም። በዚያው ጥናት የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸው በምዕራባውያን አገሮች 90 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ 71 በመቶ ያህል ናቸው። ስለዚህ የሕመሙን ስም ጽፎ መድኃኒት ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ በሰውየው ኑሮ ውስጥ ምን እንደተፈጠረም ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያም ይህንኑ ይላል። ነጥብ በሚሰጡ መጠይቆች ማን ዳግም ራሱን እንደሚጎዳ መተንበይ እንደማይገባ አስጠንቅቆ፣ እያንዳንዱ ታካሚ ስለ ችግሩና ስለ ፍላጎቱ በቅጡ እንዲጠየቅ ያዛል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላስ? የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና እንዲህ ያሉ 1,867 ሰዎችን ያሳተፈ ሙከራ አድርጎ ነበር። ግማሽ ያህሉ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለቀሩት የአንድ ሰዓት ምክር ተሰጣቸው፤ ከዚያም በ18 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ተባሉ። መጀመሪያ በሳምንቱ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ሳምንት፣ እያለ እየተራራቀ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት የሚያስገርም ነው፦ ራሳቸውን ያጠፉት በመጀመሪያው ቡድን 2.2 በመቶ፣ ክትትል ባገኘው ደግሞ 0.2 በመቶ ነበሩ። ውድ መሣሪያም፣ አዲስ መድኃኒትም አልተጨመረም።

አንድ አባሉ ራሱን መጉዳቱን የሚሸሽግ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ «ስማችን ይጠፋል» ይባላል። ዝምታው ግን የሚጎዳው ታማሚውን ነው። «ራስህን ለመጉዳት ታስባለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ ውስጥ እንደማይተክል ጥናቶች አሳይተዋል። ከሆስፒታል የተመለሰ ወንድም፣ እህት ወይም ጎረቤት ካላችሁ በዚህ ሳምንት ደውሉለት፣ በሚቀጥለውም ድገሙት። አደጋው የቀረበ ከመሰላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል፣ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።