የስኳር በሽታን ዓይነት በደም ምርመራ ስለ መለየት

ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ግርጌ ባለው ገጠር ስኳር በሽታ የከተማና የጠገበ ሰው በሽታ ነው የሚል አሳብ ገና አልጠፋም። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ገበሬ «ስኳር አለብህ» ሲባል ቢደነቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎረቤታችን ከጎንደር የወጣ ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች አብዛኞቹ ከሲታዎችና ድኾች፣ ከሴቶቹም ወንዶቹ የሚበዙ መሆናቸውን አሳይቷል። የእንዲህ ያለው ሰው በሽታ ከየትኛው ዓይነት ነው? የደም ምርመራስ እስከ ምን ድረስ ይመልስልናል?

በአንደኛው ዓይነት ስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ በቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን ሠሪ ሕዋሶች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ገዳዮቹ በዋናነት ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው፤ በደም ውስጥ የሚገኙት ፀረ እንግዳ አካላት ግን ጠብ መኖሩን የሚመሰክሩ ናቸው። ስማቸው እዚህ ላይ በመጠኑ ያሳስታል፤ የተነሡት በእንግዳ ላይ ሳይሆን በቤት ልጅ ላይ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1974 በለንደን ቦታዞና ባልደረቦቹ እነዚህን ምስክሮች ያገኙት የሕመምተኛን ሴረም በስሱ በተቆረጠ ቆሽት ላይ አድርገው፣ የሚያበራ ቀለም ጨምረው በማይክሮስኮፕ በመመልከት ነው። ዛሬ ሥራው ቀሏል። ጋድ የተባለው ፕሮቲን ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ይለጠፋል፤ ሴረም ይጨመርበታል፤ ፀረ እንግዳው ካለ ይጣበቃል፤ በኋላ በሚጨመረውም ቅመም ቀለም ይወጣል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ከጋድ ሌላ በአይ ኤ 2፣ በዚንክ አሻጋሪ 8 እና በራሱ በኢንሱሊን ላይ የሚነሡትም ይመረመራሉ። የመጨረሻው ግን መርፌ ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ አይታመንም፤ የተወጋው ኢንሱሊንም ፀረ እንግዳ ያስነሣልና።

ውጤቱ «አለ» ሲል፣ ይልቁንም ሁለት ዓይነት ሲገኝ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ጭንቁ «የለም» ሲል ነው። ምስክሮቹ ከዓመታት በኋላ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ ላይ ላይገኙ ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2025 ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት፣ በወጣትነታቸው በሽታው ይዟቸው አንደኛው ዓይነት ከተባሉት ውስጥ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህል ጭራሽ ፀረ እንግዳ እንዳልተገኘባቸው ገልጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር በሽታን ለብቻው መድቦ ነበር፤ በ1999 ሰረዘው፤ በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ መልሶ አነሣው። በእኛ አስተያየት መሰረዙ ችኮላ ነበር።

እንግዲህ «የለም» የሚል ወረቀት የያዘ ከሲታ ልጅ «አንደኛው ዓይነት አይደለህም» ተብሎ ኢንሱሊኑ ቀርቶ ኪኒን ብቻ ቢሰጠው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ፀረ እንግዳው የሚናገረው ስለ በሽታው መነሻ ነው፤ ቆሽቱ ምን ያህል እንደ ቀረው የሚናገረው ሲ ፔፕታይድ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመነጭ እኩል ሲ ፔፕታይድ አብሮ ይወጣል፤ በመርፌው ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ኢንሱሊን በሚወጋ ሰው ደም ውስጥ የሚለካው የራሱ የቆሽቱ ሥራ ብቻ ነው።

ይህ ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያም ሚዛንና የሽንት ኬቶን መመርመሪያ ወረቀት ብዙ ይረዳሉ። ስኳሩ ከፍ ብሎ፣ ሰውነቱ ከስቶ፣ በሽንቱ ኬቶን የታየበት ሰው ከሩቅ ላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ያለ ኢንሱሊን አይቆይም።