«ጥቅጠቃ»፣ «ጥንፈፋዊ እመቃ»፣ «ዝቅታ»፤ ስለ ሸክላ አፈር ሦስት ስያሜዎች

በአፈር ምሕንድስና ጽሑፎች ተርጓሚን ከሚያሰናክሉት ቃላት መካከል ባለሙያዎች ኮምፓክሽን፣ ኮንሶሊዴሽንና ሴትልመንት እያሉ የሚጠሯቸው ሦስቱ ይገኙባቸዋል። ሦስቱም መጥበቅን ወይም ዝቅ ማለትን ስለሚያመለክቱ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል። ስለዚህ በቅድሚያ የነገሩን ጠባይ፣ ቀጥሎም ስያሜውን እንመለከታለን።

ሸክላ አፈር እጅግ ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶችና በመካከላቸው ካሉ ጠባብ ቀዳዳዎች የተገኘ ነው። ቀዳዳዎቹ በሙሉ ውሃ ሲይዙ አፈሩ ውሃ የጠገበ ይባላል። በላዩ ሕንፃ ሲቆም ተጨማሪውን ሸክም በመጀመሪያ የሚቀበለው ውሃው ነው፤ ውሃ በቀላሉ አይታመቅምና ግፊቱ ያድጋል። ግፊቱም ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ነገር ግን መተላለፊያው ጠባብ በመሆኑ የሚወጣው በዝግታ ነው። ውሃው በወጣ መጠን ሸክሙ ወደ ቅንጣቶቹ ይዛወራል፤ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፤ መሬቱም ዝቅ ይላል። ይህን ክንውን ካርል ቴርዛጊ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በስሌት አስረድቷል። በስሌቱ መሠረት ውሃው እስከ መውጫው የሚጓዘው ርቀት 2 እጥፍ ቢሆን የሚፈጀው ጊዜ 4 እጥፍ ይሆናል። በአሸዋ ላይ ግንባታው ሳይጠናቀቅ የሚያበቃው ነገር በወፍራም ሸክላ ላይ ዓመታትን የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

ወላይታ ለዚህ ልዩነት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶ ከተማ ዙሪያ ያለው ጥልቅ ቀይ አፈር ሸክላ ቢበዛበትም ውሃን በደኅና ያሳልፋል። ወደ አባያ ሐይቅ በሚያወርደው ቆላ፣ ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ግን ውሃ የጠገበ ሸክላ ሊያጋጥም ይችላል። ሁለቱም «ሸክላ» ቢባሉም መሠረት ሲጣልባቸው ጠባያቸው አንድ አይሆንም።

አሁን ወደ ስያሜዎቹ እንመለስ። ኮምፓክሽን በሮሎ ወይም በመምቻ አየርን ከአፈር ማስወጣት ነው፤ በሰዓታት ያልቃል። ለዚህ «ጥቅጠቃ» ያለ አንዳች ችግር ይስማማል።

ኮንሶሊዴሽንን ግን ጥቅጠቃ ማለት አይገባም፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ አየር አይደለምና፣ የሚሠራውም ሮሎ ሳይሆን ጊዜ ነው። «መርጋት» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ወተት ረግቶ እርጎ ሲሆን ውሃውን አያጣም። የወላይታ የእንሰት ሥራ የተሻለ መንገድ ያሳየናል። ተፍቆ ከተጨመቀው እንሰት የወጣው ውሃ ሲያድር ቡላው ከታች ይቀመጣል፤ ይህ ዝቅጠት ነው። ሊጋገር የተዘጋጀው ቆጮ ሲጨመቅ ግን ውሃው ይወጣል፣ የቀረው ይጠብቃል፤ የምንፈልገው ሐሳብም ይኸው ነው። የግብርና ባለሙያዎች ኮቲቻ አፈርን ከውሃ ስለ ማላቀቅ ሲናገሩ «ማጠንፈፍ» ይላሉ፤ «የታመቀ አየር» ማለትም የተለመደ ነው። ሁለቱን በማጣመር «ጥንፈፋዊ እመቃ» የሚለውን እናቀርባለን።

ሴትልመንት የሁለቱም ውጤት ሊሆን የሚችል፣ በሚሊሜትር የሚለካ የመሬት ወይም የመሠረት መውረድ ነው። መዝገበ ቃላት ብቻ የሚከተል ተርጓሚ «ሰፈራ» ሊለው ይችላል፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት አማካይነት አበላ ላይ የተካሄደውን ሰፈራ ለሚያውቅ የሶዶ አንባቢ ይህ ፍጹም ሌላ ነገር ነው። «ስምጠት»ም እንዳይባል፣ «ስምጥ ሸለቆ» ቃሉን ለምድር ቅርፊት መሰንጠቅና መውረድ ይዞታል። ስለዚህ «ዝቅታ»ን መርጠናል፤ አንዱ ማዕዘን ከሌላው ይልቅ ሲወርድና ግድግዳ ሲሰነጠቅ «ያልተመጣጠነ ዝቅታ» ለማለትም ያመቻል።

የስያሜ ጥራት የሚፈተነው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፦ «ጥቅጠቃው ተፈጽሟል፤ ጥንፈፋዊ እመቃው ግን አላለቀምና ዝቅታው በየወሩ ይለካ።» ሦስቱ በአንድ ቃል ቢተረጎሙ ይህ ትእዛዝ ትርጉም አይኖረውም፤ የሥራ ተቋራጩም ሮሎው ካለፈ በኋላ ሥራው እንዳለቀ ይቆጥራል። የሸክላው ውሃ ግን መውጣቱን ገና መጀመሩ ነው።