አስመጪዎች ከባትሪው ቅርፊት ውስጥ ያለውን ይመልከቱ

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከውስጡም ማወቅ ይገባዋል። በእጅ ስልክና በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ዋጋውም ሆነ አደጋው በአብዛኛው የሚወሰነው አዎንታዊ ዋልታው በተሠራበት ማዕድን ነው።

ሊቁ ጆን ጉድኢናፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1980 እ.ኤ.አ. እንደገለጹት፣ ኮባልትና ኦክስጅን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተነባብረው ሲቀመጡ ሊቲየም በመካከላቸው ይገባል፣ ይወጣል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም በዚሁ ይከማቻል። የሶኒ ኩባንያ የሊቲየሙን ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ፤ ሊቁም በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

ኮባልት ግን ውድ ነው፤ አብዛኛውም የሚወጣው ከኮንጎ ነው። ስለዚህ ጠበብት ከፊሉን በኒኬልና በማንጋኒዝ ተኩት። ኒኬል ሲበዛ ባትሪው ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ሙቀትን የመቋቋም ጽናቱ ግን ይቀንሳል። ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ሌላው ዓይነት ይህ የተነባበረ አሠራር የለውም፤ በክብደቱ ልክ የሚይዘው ኃይል ያነሰ፣ ዋጋውም የረከሰ ሲሆን ሙቀትን ይበልጥ ይታገሣል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ዕውቀት የግድ ሆኗል። እንግዲህ አስመጪዎቻችን ውል ከመፈረማቸው አስቀድሞ የባትሪውን ዓይነት ከሻጩ በጽሑፍ ይጠይቁ።