የዳገቱ ሰዓት ምን ይመሰክራል?

በጁላይ 2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች በፒሬኔ ተራሮች ወደሚገኘው ፕላቶ ደ ቤይ ሲወጡ፣ ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ገባ። ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ዳገት በ40 ደቂቃ ገደማ ጨረሰው። የዚያ ዳገት ፈጣን ሰዓት ከ1998 ጀምሮ በጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ ስም ነበር። ፖጋቻር ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀነሰለት። ሁለተኛ የወጣው ዴንማርካዊው ዮናስ ቪንጌጎርም ከፓንታኒ ፈጥኗል።

ጥያቄው ወዲያው ተነሳ። ፓንታኒ የተወዳደረው ኢፒኦ የተባለው መድኃኒት የብስክሌቱን ዓለም ባጥለቀለቀበት ዘመን ነው። የዚያን ዘመን ሰዓት በንጹሕ ጉልበት በሦስት ደቂቃ መብለጥ ይቻላል? ፖጋቻር በአበረታች መድኃኒት ተይዞ አያውቅም፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት። በዚህ ስፖርት «ተይዞ አያውቅም» የሚለው ቃል ሰው የማያሳምንበት ምክንያት ግን ረጅም ታሪክ አለው።

ጥርጣሬው ዳገት ላይ የሚበረታው በከንቱ አይደለም። ሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ዋና ጠላት ነፋስ ነው። ከሌሎች ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ብዙ ጉልበት ስለሚቆጥብ፣ ፍጥነቱን አይቶ ጉልበቱን መገመት ያስቸግራል። መንገዱ ሽቅብ ሲቆም ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የነፋሱም ድርሻ ያንሳል፤ የሚቀረው በአብዛኛው የራስን ክብደት ተሸክሞ መውጣት ነው። ክብደቱ፣ ከፍታውና ጊዜው ከታወቁ ቀሪው የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው። በ21 መታጠፊያዎቹ የታወቀው አልፕ ደዌዝ ወደ 1,100 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። 67 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ ከነብስክሌቱና ከነልብሱ 75 ኪሎ ቢሆን፣ በ40 ደቂቃ ለመድረስ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 340 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል። የጎማው ሰበቃና የተረፈው ነፋስ ሲታከልበት 400 ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ 6 ዋት ማለት ነው። በደንብ የሠለጠነ አማተር የዚህን ሁለት ሦስተኛ ለ40 ደቂቃ ከያዘ ጎበዝ ይባላል።

ሌላው ምክንያት ኦክስጅን ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዳገት ለሚገፋ ሰው ወሳኙ ነገር ደሙ ወደ ጡንቻው የሚያደርሰው የኦክስጅን መጠን ነው። ኢፒኦ ኩላሊት የሚያመነጨው፣ መቅኔን ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞን ነው። በፋብሪካ የተሠራው ዓይነት በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ደም ላነሳቸው የኩላሊት ሕመምተኞች ነበር። ጤነኛ ብስክሌተኛ ሲወጋው ግን ጥቅሙ ከሁሉ አብልጦ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። ጉልበት በትክክል የሚለካበት ቦታና መድኃኒቱ አብልጦ የሚጠቅምበት ቦታ አንድ ሆኑ።

ባለሥልጣናቱ ለዓመታት ኢፒኦን የሚለይ ምርመራ አልነበራቸውም፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1997፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሂማቶክሪት ላይ ገደብ አበጀ። ሂማቶክሪት ከደም ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ ሲሆን፣ ከ50 በመቶ ያለፈ ወንድ ተወዳዳሪ «ለጤናው ሲባል» ለጊዜው ይታገድ ነበር። እንደ እኔ እምነት ይህ ደንብ ብዙ አበላሽቷል፤ ማታለልን ከመከልከል ይልቅ እስከ የት ድረስ ማታለል እንደሚቻል ተመነ። በ1998 የፌስቲና ቡድን ሠራተኛ መኪናውን በመድኃኒት ሞልቶ የፈረንሳይ ድንበር ላይ ሲያዝ ነው ሕዝቡ የጉዳዩን ስፋት ያየው። የዚያን ዓመት ቱር ፓንታኒ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት የጣሊያኑን ታላቅ ውድድር ጂሮ ዲ ኢታሊያን እየመራ፣ ፍጻሜው ሊደርስ ሲል፣ ሂማቶክሪቱ 52 ተገኝቶ ተባረረ። ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ በ2004 ሪሚኒ ውስጥ በአንድ የሆቴል ክፍል ብቻውን ሞቶ ተገኘ። ገና 34 ዓመቱ ነበር። ስለ ሰዓቱ ስንጽፍ ይህን ሰው መርሳት የለብንም።

የ1996 ቱር አሸናፊ ቢያርነ ሪስ ኢፒኦ መውሰዱን ያመነው በ2007 ነው። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ሰባት ጊዜ አሸነፈ፤ በሄደበት ሁሉ የሚያቀርበው መከላከያ ያለፋቸው ምርመራዎች ብዛት ነበር። ድሎቹ በ2012 ተሰረዙ፣ በጃንዋሪ 2013 በቴሌቪዥን ተናዘዘ። የወደቀው በቡድን ጓደኞቹ የምስክርነት ቃል እንጂ በሽንት ጠርሙስ አልነበረም።

ተመልካቹ የላቦራቶሪን ቃል ማመን ሲያቅተው ወደ ሰዓት መለኪያ ዞረ። የቀድሞው የፌስቲና አሠልጣኝ አንቷን ቫዬ የዳገት ሰዓቶችን ወደ ዋት እየቀየረ «አጠራጣሪ» የሚባለውን ወሰን አሰመረ። ዘዴው ብዙ አስተምሮናል፤ ጉድለቱም ከባድ ነው። በ2015 ቱር ብሪታኒያዊው ክሪስ ፍሩም ላ ፒየር ሴን ማርቴን በተባለው ዳገት ላይ ተቀናቃኞቹን ጥሎ ሲሄድ፣ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን የቀረበ ግምት በኪሎ 7.04 ዋት አወጣ አለ። ቡድኑ የመለኪያውን መረጃ ይፋ ሲያደርግ አማካዩ 414 ዋት፣ የፍሩም ክብደት ደግሞ 67.5 ኪሎ ነበር። ሲካፈል 6.13 ይመጣል። እንቁላል ቅርጽ ያለው የፔዳል ጥርሱ ንባቡን ያጋንናል በማለት 6 በመቶ ቀንሰው 5.78 አደረሱት። በአንድ ሰው፣ በአንድ ዳገት፣ በአንድ ቀን የተገኙ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንደኛው ከሰው አቅም በላይ ይመስላል፣ ሌላው ለታላቅ አትሌት የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያው ሳምንት አንድ ተመልካች «ዶፔ» (መድኃኒት የወሰደ) እያለ ፍሩም ላይ ሽንት ደፋበት። ግምት ፍርድ ሲሆን የሚያስከትለው ይህን ነው።

ዛሬ ፈጣን ሰዓቶችን የሚያስረዱ እውነተኛ ለውጦች አሉ። ጋላቢዎቹ በሰዓት ከ100 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይወስዳሉ፤ በፓንታኒ ዘመን ይህ የማይታሰብ ነበር። ጎማው፣ ልብሱ፣ የከፍታ ቦታ ሥልጠናው፣ ቡድኑ ከዳገቱ ግርጌ ጀምሮ የሚያስጠብቀው ፍጥነት ሁሉ ተሻሽሏል። እነዚህ ተደምረው ሦስት ደቂቃ ይሞላሉ? የሚያሟሉ ይመስለኛል ብዬ ለመናገር እደፍራለሁ፤ ለመማል ግን አልችልም። ቡድኖች የደምን አቅም ለመለካት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጠቀሙ መገኘታቸውና ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ጋዙን ደጋግሞ መሳብን በ2025 መከልከሉ፣ በሚፈቀደውና በሚከለከለው መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል እንደሚገፋ ያሳያል።

የእኛ አንባቢ ይህን ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫ ያውቀዋል። ኢትዮጵያዊቷ ሯጭ አልማዝ አያና በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ላይ 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ስትጨርስ፣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን፣ ራሱም ብዙ ጥርጣሬ ያጠላበትን የቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያ ክብረ ወሰን በ14 ሴኮንድ ሰበረች። ወዲያው በጋዜጠኞች ፊት ስለ ዶፒንግ ተጠየቀች። ዶፒንጌ ልምምዴና ኢየሱስ ነው ስትል መለሰች። አልማዝ ተይዛ አታውቅም፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ታምጣ? ንጹሕ አትሌት መድኃኒት አለመውሰዱን የሚያሳይበት ሰነድ የለውም። ጥያቄውን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱን የማምጣት ሸክም ግን በአትሌቱ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣሉ ግፍ ነው።

ሸክሙን ሊጋሩ የሚገባቸው ቡድኖቹና ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው። ከ2008 ጀምሮ የእያንዳንዱ ጋላቢ የደም ውጤት በባዮሎጂካዊ ፓስፖርት ለዓመታት ይመዘገባል። የዋት መለኪያውም በየብስክሌቱ አለ፤ መረጃው ግን በቡድኖቹ እጅ ነው። ይህ መረጃ ከደም መዝገቡ ጎን ተቀምጦ ገለልተኛ ባለሙያዎች ቢያዩት፣ ከቴሌቪዥን ምስል ዋት መገመት ባላስፈለገ ነበር። ናሙናዎችም አሉ። ከ1998 ቱር የተቀመጠው ሽንት በኋላ እንደገና ተመርምሮ፣ የፈረንሳይ ሴኔት በ2013 ውጤቱን ሲያወጣ የፓንታኒ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። አሁን ያለው ደንብ ናሙና እስከ አሥር ዓመት ድረስ ዳግም እንዲመረመር ይፈቅዳል፤ የፕላቶ ደ ቤዩ ቀን ናሙናዎች እስከ 2034 ድረስ ሊከፈቱ ይችላሉ ማለት ነው።